የቁርቁራው ቃታ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

ለወንድሜ ልጅ ለኑዕማን ሷሊሕ፣ ሻርጃ

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ደህና ነው፣ ትንኙም ደህና ነው። ጉልበቴ ብቻ ከወንበር ስነሳ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ይላል።

ለምን አይደውልም ትል ይሆናል። አንደኛ፣ ኔትወርኩ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አንተ ስልክ ላይ ትጮሃለህ፤ ወረቀት ላይ ስትጮህ ጆሮዬን አያመኝም። ሦስተኛ፣ እኔን ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ከሲሚንቶ ከረጢትና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። የለፋሁበትን ልጠቀምበት።

ጉዳዬ የአባትህ ጠመንጃ ነው። ያቺ ሃያ ሁለቷ፤ ልጅ ሳለህ ሰደፏ ላይ ስምህን በምስማር ጭረህ በጥፊ ያስመታችህ። አላህ ይዘንለትና ሷሊሕ ከደብረ ሲና ነጋዴ በአንድ ወይፈንና በሁለት በግ ሲገዛት እኔ ነበርኩ ያዋዋልኩት። አሁን ቃታዋ አርጅቷል። ጥይቱን ገፍቶ የሚዘጋው ብረት ማለቴ ነው። እጀታው ከሥሩ ተበልቶ አልቆልፍ ብሏል። ጥይቷ መሃሏን ሳይሆን ጠርዟን ተመትታ የምትተኩስ ትንሽ ነገር ስለሆነች፣ ቃታው በደንብ ካልገጠመ ዋጋ የላትም። እዚህ ያለ ብረት ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ምንሽርና ክላሽ ነው፤ ይህቺን ሳሳየው «የልጅ መጫወቻ ናት» ብሎ ይስቅብኛል።

አንተ ስድስት ዓመት ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የቆምክ ሰው ነህ። ብረቱን ራሱን በአውሮፕላን ብልክ ተሸካሚዋን ያስሩብኛል ብዬ ከቁርቁራ እንጨት ቀረጽኩልህ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዲት ጭረት አልቀነስኩም፣ አንዲት አልጨመርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን ብዳስስ ብረቱን የምለየው በቅዝቃዜው ብቻ ነው። በዚሁ ልክ አውጣልኝ።

ይህን ከሁለት ኪሎ ማሾ ጋር የምታደርስልህ ሰሊማ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ መናኸሪያ ላይ ነው የተዋወቅነው። ላጤ ናት። ይህን ያልኩት ለማሾው ብዬ ነው።

ፍጠን ደግሞ። ጦጣዎቹ ጠመንጃዋ ዝም ማለቷን አውቀዋል። ትናንት አንዱ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ፓፓያዬን እየላጠ ፊት ለፊቴ ቁርሱን በላ። ብላ አላለኝም።

እህትህ ራሕማ ሰላም ትልሃለች። ሥራ በዝቶባት ነው እሷ ያልጻፈችልህ።

አጎትህ ሙሄ


ሻርጃ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሙሄ

እንደምን ሰነበቱ? ለጤናዎ ዱዓ ሳላደርግ የተኛሁበት ቀን የለም። ማሾው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፈው።

እዚህ አገር የጠመንጃ ዕቃ ስሠራ ብያዝ ምን እንደሚደርስብኝ ያውቃሉ? አለቃዬ ከራሴ በላይ ካሜራ ሰቅሏል። መጀመሪያ እስር ቤት እገባለሁ፣ ከዚያ አውሮፕላን ላይ ይጭኑኛል፣ ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ወደዚህ አልመለስም። እንደማያውቁ አይንገሩኝ። ባያውቁ ኖሮ ብረቱን ትተው እንጨት ባልላኩ። ተሸካሚዋ እንዳትታሰር ሦስት ሳምንት ቁጭ ብለው ቀረጹ። ሠሪው ቢታሰርስ? እሱን ለማሰብ አንድ ቀን አጡ?

ያቺ ጠመንጃ ትቅር። አባባ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ፈቃዷም የወጣው በእሱ ስም ነው። እንጨትዎ አልጋዬ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነው፤ የተጠቀለለበትን ጨርቅ እንኳ አልፈታሁትም፣ አልፈታውምም።

ሌላም አለ። ራሕማን በቪዲዮ ካየኋት ሁለት ወር አለፈኝ። ስደውል ድምጿን እሰማለሁ። «ደህና ነኝ» ትለኛለች፣ «ማሾው ተሰበሰበ» ትለኛለች፣ ትዘጋለች። ስለ አንዲት ዶሮ አንድ ሰዓት የምታወራ ልጅ ናት እኮ። እናታችን የለች፣ አባታችን የለ፤ ያለኝ እሷ ናት፣ ለእሷም ቅርቧ እርስዎ ነዎት። ምን ሆናለች? ስለ ጦጣ አይንገሩኝ።

ኑዕማን


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ለኑዕማን፣ በሰው አገር ላለው ቁጡ

ሰላሙን ይስጥህ፣ ደምህንም ያብርድልህ። ደብዳቤህን ከፖስታው ሳወጣው ጣቴን አቃጠለኝ፤ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው ያነበብኩት።

እሺ፣ ቃታው ይቅር። ግን እኔም ተቆጥቻለሁ። ስቆጣ እንደምስቅ ታውቃለህ፤ ስለዚህ የምስቅበትን ቦታ ሁሉ ቁጣ ብለህ አንብበው። የእናትህን ራዲዮ ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ? ያንተን ብስክሌት፣ ያንን ፍሬን የሌለውን፣ ማን ነበር በየሳምንቱ የሚያቃናው? ከካራቆሬ ድረስ ሰው የተበላሸ የውኃ ፓምፕ በባጃጅ ጭኖ «ሙሄ ዘንድ ውሰደኝ» ይል ነበር። እኔ አንድ ብረት፣ አንድ ጣት የምታህል ብረት ብለምን እስር ቤት ትለኛለህ። ሻርጃ የሰው ልብ ያጠነክራል ይሉኝ ነበር፤ ብረቱን ነው ብዬ ነበር።

አሁን ፓምፕ መጠገን ትቻለሁ። ሰዉም እንደ ድሮው አያመጣልኝም። አዲስ ዕቃ ወዷል መሰለኝ።

በቃታው ፈንታ መነጽር ላክልኝ። ጥቁር ይሁን። ካራቆሬ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ዓይነት አልፈልግም። በጎን በኩልም የሚሸፍን፣ ብርሃን የማያስገባ ነው የምፈልገው። ጠበብ ላለ ፊት የሚሆን። ለማን ነው ብለህ ትጠይቀኛለህ። ለእኔ ነው። ጦጣዎቹ መልኬን ለምደውታልና ልደበቃቸው ብዬ ነው። ዓይን ሲደርቅ የሚንጠባጠብ መድኃኒትም እዚያ ጥሩው አለ ይባላል፤ አንድ ሁለት ብልቃጥ ጨምርበት። ዘንድሮ አቧራው በዝቷል።

የራሕማ ስልክ ካሜራው ተሰብሯል። ወድቆባት ነው።

ሰሊማን አመሰገንካት? በደረቁ እንዳይሆን።

አጎትህ ሙሄ


ሻርጃ፣ ጥር 17 ቀን 2017

ጋሼ ሙሄ፣

የእርስዎ ፊት ወንፊት ያክላል። ጠባብ መነጽር ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ። ዓርብ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስቤ ጨርቁን ፈታሁት።

ከእንጨት እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። በካሊፐር ለካሁት። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሳይቀር አውጥተውታል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከእጄ ተቀብሎ ቀለም የተቀባ ብረት ነው ብሎ ተከራከረኝ። ያንን ያህል እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ በመሆኑም አጋለጥዎት።

አረጀ ያሉኝ ቦታ፣ እጀታው ሥር፣ እብጠት አለ። ያረጀ ብረት ይጎድላል፣ አያብጥም። እብጠቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ መስመር ተደራርቧል። ያ ብየዳ ነው። በላዩ ላይ የሞረድ ጭረት አለ፤ የማንን ሞረድ እንደሆነም አውቃለሁ። አንድ ጥርሱ የወለቀው የእርስዎ ሞረድ በየመስመሩ አንድ ቦታ ይዘላል፤ ያንንም ሳይቀር ቀርጸውታል። ከብየዳው ጎን ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ በታች ቁራጭ ጎድሏል፣ የተገነጠለበት ሻካራው እንኳ ይታያል። ጥይቱ የሚደገፍበት ፊቱ ደግሞ በአንድ በኩል በጥፍር ልክ ተበልቷል። እንዲህ የሚበላው ቀለሁ ጠርዙ ላይ ሲፈነዳና እሳቱ ወደ ኋላ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ቃታው አርጅቶ ነበር። እርስዎ በየዱት። ከዚያ ተተኮሰ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈነዳ። ወደ ኋላ ማለት ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

እርስዎ መነጽር ይለምኑኛል። የዓይን ጠብታ ይለምኑኛል። እህቴ ፊቷን አታሳየኝም።

ጠመንጃዋን የያዘው ማን ነበር?

አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፣ ቀልድ የሌለበት። አንዲት ቀልድ ካገኘሁበት እዚያው ላይ እቀደዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አጎት የለኝም።

ኑዕማን


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 10 ቀን 2017

ለኑዕማን

ራሕማ ነበረች።

መስከረም 8 ቀን ጠዋት ነው። ማሾው ደርሶ ነበር፤ ጦጣዎቹ ከወንዙ ዳር ካለው ግራር እየወረዱ ሳይሰበሰብ ይጨርሱት ነበር። ከአባትህ ሞት ወዲህ ማሳውን የምትጠብቀው እሷ ናት። ተኩስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ትበልጣለች። ቃታው እየላላ መሆኑን የነገረችኝም እሷ ናት። «ጋሼ ሙሄ፣ ስተኩስ ጉንጬን ይሞቀኛል፤ ይህ ነገር ደግ አይደለም፣ ይቅር» አለችኝ። እኔ ሳቅሁባት። አንድ ቀን ስጭኝ አልኳት።

የብረት ሠሪውን የደረጄን የብየዳ ማሽን ተውሼ በየድኩት። ደረጄ አጠገቤ ቆሞ «ይሄ የበር ማጠፊያ አይደለም፣ ተው» ብሎኝ ነበር። በሞረድ አስተካከልኩት። ሲገጥም ደስ አለኝ። ሦስት ጊዜ ራሴ ተኮስኩ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሰጠኋት። አራተኛውን እሷ ተኮሰች።

ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ጠመንጃዋን አልጣለችም። መሬት ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

የዚያኑ ቀን መኪና ይዘን ወጣን። ጣርማ በር ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ አንድ ቀን አደርን። አዲስ አበባ ያየን ሐኪም ዓይኑ ያን ጊዜውኑ ነው የጠፋው፣ ቀድማችሁ ብትደርሱም አይተርፍም ነበር አለኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴን ላድን ብዬ እንዳይመስልህ። አንተ ስለምትጠይቅ ነው። የጠፋው ቀኙ ነው። ግራው ደህና ነው፣ ታይበታለች። የጎደለውን ቁራጭ ሐኪሙ አውጥቶ በትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ከሆስፒታል ስንመለስ መኪና ውስጥ «ለኑዕማን አንንገረው፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን እሺ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ምሳዬን ታመጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። ላንተ ለምን እንዳልነገረችህ እሷን ጠይቃት። በእሷ አፍ ልናገር አልችልም።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ካንተ በቀር።

ቃታውን ለምን እንደለመንኩህም ልንገርህ። ሰው ፓምፑን ወደ እኔ ማምጣት አቆመ። ሳልፍ «የሙሄ እጅ» ብለው ዝም ይላሉ። አንተ አዲስ ቃታ ብትልክልኝና ጠመንጃዋ ደህና ሆና ስትተኩስ ቢያዩ፣ ያረጀው ብረቱ ነበር፣ የሙሄ ጥፋት አይደለም የሚሉ መሰለኝ። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የቀረጽኩት። እሷ በሌላኛው ቤት ዓይኗን ታስራ ተኝታ እኔ እንጨት እቀርጽ ነበር።

ይኸው ነው።

ሙሄ


ሻርጃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017

ጋሼ ሙሄ፣

ደብዳቤዎ ሰላምታ አልነበረውም፤ ይህም የለውም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀልድ ፈለግሁበት። አጣሁ። ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቀድጄው እገላገል ነበር።

ስለበየዱት አይደለም የተቆጣሁት። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ብረት አበላሽቻለሁ። «ይቅር» ስትልዎ ስለሳቁባት ነው። ዓይኗ የጠፋው በአንድ ጠዋት ነው። እርስዎ ግን አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ አጠፉት። ካሜራው ተሰበረ አሉኝ። አቧራ በዛ አሉኝ። እኔ ላጤ ነኝና ስለ ሰሊማ አጫወቱኝ። ያንን እያነበብኩ እዚህ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ያስቃሉ፣ እርግማንዎ እሱ ነው። እሷ በአንድ ዓይኗ ማሾ ስትለቅም እኔ በእርስዎ ወሬ እስቅ ነበር። ይህን ለራሴም ለእርስዎም ይቅር አልልም።

ለራሴ ያልኩት በምክንያት ነው። አባባ ሊሞት ሲል በስልክ «ያቺ ቃታ ላልታለች፣ አንድ ነገር ብታደርግ» ብሎኝ ነበር። ተዋት፣ ታስፈራለች፣ አትተኩሱባት ማለት ነበረብኝ። ቶርኖ ላይ የሚውል ሰው ነኝ፣ የላላ ቃታ ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎም ከእሱም በላይ አውቃለሁ። እሺ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቸኩዬ ነበር፤ የቸኮልኩበትን ነገር እንኳ አላስታውሰውም። ስለዚህ ቁጣዬ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግማሹን እዚህ አስቀርቼ ግማሹን ልኬልዎታለሁ።

ዓሊያ የምትባል የካራቆሬ ልጅ ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገር እየተመለሰች ነው። በእሷ እጅ አራት ነገር ይደርስዎታል።

መነጽሩ የራሕማ ነው። ጠብታውም የራሕማ ነው።

ሦስተኛው የእርስዎ የቁርቁራ ቃታ ነው። ጠመንጃዋ ውስጥ እሱን ይክተቱና በዚያው ትኑር። የብረቱን ሮቢ ወንዝ ይጣሉት። ሰው ጠመንጃዋ ለምን አልተጠገነችም ብሎ ቢጠይቅዎት ከፍተው ያሳዩት፣ ለምን እንጨት እንደሆነም በራስዎ አፍ ይንገሩት። ለደረጄ በመጀመሪያ ይንገሩት።

አራተኛው የታሸገ ደብዳቤ ነው። ለራሕማ ነው። ከእንግዲህ የምጽፈው ለእሷ ነው። እርስዎ ያደርሳሉ፤ አይከፍቱም። መልሷንም ታሽጎ ይቀበላሉ፣ ይልካሉ። ፊደል ለቅመው ተምረዋል፤ አሁን ደግሞ ሳያነቡ መሸከም ይማሩ።

ኑዕማን


ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017

ለኑዕማን

ሰላምታ ብጽፍ ትቀበለኛለህ አትቀበለኝም፣ አላወቅሁም። ስለዚህ ያልተጻፈ ሰላምታ ከዚህ በላይ አለ፤ ከፈለግህ አንብበው።

ያልከውን አድርጌአለሁ። ዓሊያ ዕቃውን በዒድ ማግስት አመጣችው። ደብዳቤህን ለራሕማ ሰጠኋት። ማንጎው ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ አነበበችው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ምን እንዳልካት አላውቅም። ትከሻዋን ሳይ ነበር፤ ትከሻ ደግሞ ብዙ አይናገርም። መልሷ እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ወፍራም ነው። ስሜ ስንት ቦታ እንዳለበት ልገምት ፈልጌ ተውኩት።

ለደረጄ ነገርኩት። «ተው ብለኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም፤ ብረቱም ሳይሆን እኔ ነኝ» አልኩት። የያዘውን መፍቻ ሳያስቀምጥ ሰማኝ። ስጨርስ «ሻይ ጠጣ» አለኝ። መስጊድ በር ላይም ለሁለት ሰው ነግሬአለሁ። አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ደግሜ ነገርኩት፤ ያን ጊዜ ገባው።

የብረቱን ቃታ ወንዝ ጣልኩት። የጠርሙሷን ቁራጭ አልጣልኩም። እሷን ጣል አላልከኝም።

የቁርቁራውን ከተትኩት። ገጠመ። ለምን አይገጥምም፤ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ድምፅ እንኳ የለውም። በሕይወቴ የሠራሁት ደህና ነገር እሱ ነው፤ የማይተኩስ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርህና ልጨርስ። የማንጎው ወቅት ነውና ትናንት ጠዋት ጦጣዎቹ ወረዱ፤ ወደ ሃያ ይሆናሉ። እኔ ደጅ ተቀምጫለሁ። ራሕማ ከቤት ወጣች። የአባትሽን ካፖርት ልበሺ ያላት የለም፣ ራሷ ለብሳዋለች። መነጽርህን አድርጋለች፤ ልክ ሆኗታል። ጠመንጃዋን ከተሰቀለችበት አውርዳ በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ማንጎው ጋ ስትደርስ ወደ ትከሻዋ አነሣቻት። በግራ ትከሻዋ ነው ያነሣቻት፣ በግራ ዓይኗ ነው ያነጣጠረችው።

ጦጣዎቹ አፈሙዙን ባዩ ጊዜ አንድ ላይ ጮኸው ወደ ግራሩ ሸሹ። ቃታው እንጨት መሆኑን እነሱ የት ያውቃሉ። እሷ ግን የመጨረሻው አጥሩን እስኪዘል ድረስ አላወረደቻትም።

ተመለሰች። ፊት ለፊቴ ቆመች። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ፊት ለፊቴ ቆማ አታውቅም። ቃታውን ከፈተች፣ ቁርቁራውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ዘጋችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ ሙሄ፣ ይቺኛዋስ አትፈነዳም አይደል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አንድ ቃል ሲወረውርልኝ ሦስት ስመልስ ኖሬአለሁ። ታውቀኛለህ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣልኝም። እሷም አልጠበቀችኝም። ጠመንጃዋን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣልኝ ገባች።

ምሳ ስታመጣ መልሱን አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ ብዬ ነበር። ምሳውን አመጣች። አስቀመጠች። ሄደች። ራትም እንደዚያው።

አሁንም ጠመንጃዋ ጉልበቴ ላይ ናት። የጻፍኩልህ በእሷ ሰደፍ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ነው፤ መስመሬ የተጣመመው ስምህን የጫርክበት ቦታ ላይ ነው።

ሙሄ